የኬሪ ጄምስ ማርሻልን ሥዕሎች እንዴት ማየት ይገባል፦ ከጥቁሩ ቀለም መጀመር

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬሪ ጄምስ ማርሻል የሚሥላቸው ሰዎች ጥቁሮች ናቸው። ይህን ስል በአነጋገር ልማድ ጥቁር የምንላቸውን ጠይምና ቡናማ ሰዎች ማለቴ ሳይሆን፣ ፊታቸውም እጃቸውም በእውነተኛ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ሰዎችን ማለቴ ነው። ሥዕሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅና «ስለ ዘር ጭቆና ነው» የሚል መልስ ለራሱ ሰጥቶ ወደ ሌላው ሥዕል ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ችኮላ ደግሞ ዋናውን ነገር ያሳልፈዋል። እዚህ የማቀርበው የአተያይ መንገድ ከቀለሙ ይጀምራል፣ ወደ ትርጉሙም የሚደርሰው ቀለሙን እየተከተለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሠዓሊው ሕይወት አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ጥቂት ነው። በ1955 በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ተወለደ፤ በ1963 ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ ዋትስ በተባለው ሰፈር ተቀመጠ፤ በ1965 የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ሲያምፁ እርሱ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ኦቲስ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቁሮችን በታላቅ ክብር ይሥል ከነበረው ከቻርልስ ኋይት ተምሮ በ1978 ተመረቀ፤ ከ1987 ጀምሮም የሚኖረው ቺካጎ ነው።

መጀመሪያ ሊያዩት የሚገባው ሥዕል በ1980 የሠራው፣ ርዕሱም ሠዓሊውን የቀድሞ ራሱ ጥላ አድርጎ የሚያቀርበው ትንሽ ሥራ ነው። መጠኑ 20 በ16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በእንቁላል አስኳል በተበጠበጠ ቀለም ወረቀት ላይ የተሠራ ነው። በመጀመሪያ የሚታይዎት የዓይኖቹ ነጭ፣ አንዱ የጎደለባቸው ጥርሶችና የሸሚዙ ነጭ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዓይንዎን ከነጮቹ ላይ አንሥተው በመካከላቸው ባለው ጨለማ ላይ ያሳርፉት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የባርኔጣው ጠርዝ፣ ጉንጩና ትከሻው አንድ በአንድ መውጣት ይጀምራሉ። ሰውየውም ዳራውም ጥቁር ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጥቁሮች ናቸው። ያ የተከፈተ አፍ ነጮች ጥቁሮችን ለማዋረድ ይሥሏቸው የነበሩትን አሽሟጣጭ ምስሎች ስለሚያስታውስ ማየቱ ቅር ቢያሰኝዎ ተገቢ ስሜት ነው፤ ሠዓሊው ያንን የስድብ ምስል አንሥቶ በቀለም ጥበብ ከውስጡ ሰው ሊያወጣበት ተነሥቷል።

አሁን ጥቁሩ እንዴት እንደተሠራ ይመልከቱ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ይህ ነውና ጥቂት ልቆይበት። ማርሻል የሚነሣው በሱቅ ከሚሸጡ ሦስት ጥቁሮች ነው። አንደኛው ዛሬ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው «አይቮሪ ብላክ»፣ ሁለተኛው ከብረት ኦክሳይድ የሚገኘው «ማርስ ብላክ»፣ ሦስተኛው ከካርቦን የሚዘጋጀው ጥቁር ነው። ይህ ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነበር። ማርሻል በእነዚህ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም እየጨመረ አንዱን ወደ ቀዝቃዛ፣ ሌላውን ወደ ሞቃት ጥቁር ይለውጠዋል። በአንድ ፊት ላይ ግንባሩ፣ ጉንጩና የአንገቱ ሥር የሚለዩት በነጭ ማንጻት ሳይሆን በእነዚህ ጥቁሮች ልዩነት ነው።

ይህን በእጅዎ መሞከር ይቻላል። ሁለት ዓይነት ጥቁር አክሪሊክ ቀለም፣ የብረቱንና የጥላሸቱን፣ ይግዙና በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይቀቧቸው፤ ሲደርቁ በመስኮት ብርሃን ያስተያዩአቸው። ከዚያ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ወስደው ከነጭ ጋር ይቀላቅሉ። የብረቱ ጥቁር ወደ ቡናማ ያደላ ግራጫ፣ የጥላሸቱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ይሆናል። ቀጥለው ነጩን ትተው በአንዱ ጥቁር ላይ ጠብታ ሰማያዊ ይጨምሩና አንድ ቀላል የፊት ቅርጽ በሁለቱ ጥቁሮች ብቻ ለመሥራት ይሞክሩ። የግማሽ ሰዓት ሙከራ ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል።

ሥዕሎቹን በስልክ የሚያዩ ከሆነ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ ያድርጉ፣ ነጸብራቅ ከሌለበት ቦታም ይቀመጡ፤ አለዚያ ጥቁሮቹ ሁሉ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። በሰዎች ከተለጠፈ ፎቶ ይልቅ ሙዚየሞቹ ራሳቸው ያወጧቸውንና አጉልቶ ማየት የሚቻልባቸውን ምስሎች ይምረጡ።

በዚህ መካከል አንድ ስለ ቋንቋችን የማነሣው ነገር አለ። አማርኛ ለሰው መልክ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚሉ ቃላት አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ «ጠይም» የሚለው መልክን ከመግለጽ አልፎ «ጥቁር» ላለማለት የምንሸሸግበት ቃል ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የማርሻልን ሰዎች አይተው «ይህን ያህል ለምን ጠቆሩ?» የሚል ጥያቄ በልብዎ ቢመጣ አያባርሩት። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ራስዎን መጠየቅ ሥዕሉን የማየት አንዱ ክፍል ነው፤ ሠዓሊው ጥቁሩን ሳያለዝብ የተወው ተመልካቹ ከዚህ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ወደ ትልልቆቹ ሥራዎች ይለፉ። በ1993 የተሠራውና በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም የሚገኘው «ደ ስታይል» ከሦስት ሜትር በላይ ስፋት ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት ሥዕል ነው። መጀመሪያ ራቅ ብለው ይቁሙና ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን ይፈልጉ፤ ርዕሱ «ደ ስታይል» የተባለውንና ሥዕልን ወደ እነዚህ ቀለሞችና ወደ ቀጥታ መስመሮች የመለሰውን የሆላንድ የጥበብ እንቅስቃሴ የሚጠራ የቃል ጨዋታ ነው። ከዚያ ቀረብ ይበሉና የፀጉር አስተካካዩን ከፍ ያለ እጅና በራሱ ዙሪያ ያለውን ብርሃን ይመልከቱ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ያደገ ሰው የቡራኬ እጅንና አክሊለ ብርሃንን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ በባሕላዊው ሥዕላችን ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ጎን ፊት እንደሚሣሉም ያውቃል። እዚህ በክብር ወደ እርስዎ የሚያዩት ግን ቅዳሜ ፀጉራቸውን ሊያስተካክሉ የመጡ የሚመስሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው።

በ1994 የሠራው «ብዙ መኖሪያዎች» በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። በዚህ ሥዕል ላይ ጽሑፉን ማንበብ ግዴታ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከረባት ያሠሩ ሦስት ሰዎች ስቴትዌይ ጋርደንስ በተባለው የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር አበባ ይተክላሉ፤ ከላይ የተዘረጋው ቀይ ጥብጣብ «በእናቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» ይላል። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ «በአባቴ ቤት» የሚለውን ያስታውሱና አንዱ ቃል ለምን እንደተለወጠ ያስቡ። ያ ሰፈር በብዙዎች ዘንድ በድህነትና በወንጀል ብቻ ይነሣ ነበር፤ ኋላም ሕንፃዎቹ ፈረሱ። ማርሻል ግን በውስጡ የሚያድጉ ልጆች፣ የሚንከባከቡት ግቢና የሚለብሱት ንጹሕ ልብስ ያላቸው ሰዎች እንደነበሩ ያውቃል፤ እርሱም በልጅነቱ በእንዲህ ያለ ሰፈር ኖሯል።

በትውልድ ከተማው በበርሚንግሃም ሙዚየም ያለውን የ2012 የሴቶች የውበት ሳሎን ሥዕል ሲያዩ ደግሞ አንድ ቦታ አይቁሙ። ከፊት ለፊት ወለሉ ላይ የተንጋደደ ቢጫ ነገር አለ፤ ከጎን ሲያዩት ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ የካርቱን ልዕልት ራስ ይሆናል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሆልባይን በ1533 ሥዕሉ የራስ ቅል የደበቀበት ዘዴ ይህ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ካሉት አዋቂዎች ማንም አያስተውለውም፤ የሚያስተውለው ሕፃን ነው፣ እኔም ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያ የሕፃን ትኩረት ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ይሰማሉ፤ በሐይቅ ዳር የሚዝናኑ ጥቁር ቤተሰቦችን የሚያሳየው የ1997 ሥራው በ2018 በጨረታ 21.1 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። ከዋጋው ይልቅ ሰዎቹ ነጭ ልብስ ለብሰው ያለ ስጋት መዝናናታቸውን፣ ለዚህም ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ሸራ መሰጠቱን ይመልከቱ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ አንባቢዎች የእርሱን ሥራ ለማየት ሩቅ መጓዝ አያስፈልጋቸውም። በከተማዋ ብሔራዊ ካቴድራል ከ1953 ጀምሮ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የተዋጉትን የጄኔራል ሮበርት ሊ እና የጄኔራል ጃክሰንን መታሰቢያ የያዙ ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች ነበሩ፤ በ2017 ተነሥተው፣ በ2023 በማርሻል ንድፍ የተሠሩ፣ ሰልፈኞችን የሚያሳዩ መስኮቶች ተተኩ። በደቡብ ግድግዳ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ወደ ቀትር ገደማ ይሂዱ። መስታወት እንደ ሸራ አይደለምና ጥቁሩ የሚታየው በዙሪያው በሚያልፈው ብርሃን ነው፤ በሰልፈኞቹ እጅ ካሉት ጽሑፎች «ፍትሐዊነት» የሚለውን አስቀድመው ያግኙ፣ ከእርሱ ተነሥተውም እጆቹን ይከተሉ።