ፕላኔቶች ውሃ ከየት ያገኛሉ? በደብረ ብርሃን አመዳይ እንዴት ማሳየት ይቻላል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል። ገበሬው አይወደውም፣ ባቄላውን ያቃጥልበታል። ለልጆች ግን ግሩም ትምህርት ይወጣዋል።

ማታ የቆርቆሮ ክዳኖች፣ አንድ ትልቅ ድንጋይና ጥቂት ጠጠር ሜዳ ላይ አሳድሩ። ዛፍ ወይም ጣሪያ ሥር አታድርጉ፣ አመዳይ አይዝም። እግረ መንገዳችሁን ወደ ምሥራቅ ቀና በሉ። ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ሦስት ከዋክብት ተሰልፈው ይታያሉ። ከጎናቸው ጭጋግ የመሰለች ነገር አለች። እዚያ ዛሬም ከዋክብት እየተወለዱ ነው። ዙሪያቸውን የጋዝና የአቧራ ክብ ይዞራል፣ ፕላኔት የሚሠራውም ከዚያ ነው።

ሊነጋ ሲል የተያያዘ የከሰል ምድጃ ደጅ አውጡ። ክዳኖቹን ከምድጃው እያራቃችሁ ደርድሩ። የቅርቦቹ አመዳይ ጠብታ ይሆንና ይደርቃል። የሩቆቹ ነጭ እንደሆኑ ይቆያሉ። መሃል ላይ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ክዳን ታገኛላችሁ። እዚያ ጋ መሬቱን አስምሩ። ምድጃውን እንደ ኮከብ፣ ክዳኖቹን እንደ ዙሪያው አቧራ ቁጠሯቸው፤ በረዶ ሳይተን መቆየት የሚጀምርበት የበረዶ መስመር ይሄ ነው። በኮከብ ዙሪያ ግን መስመሩ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፣ በረዶውም ጠብታ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። ከመስመሩ ወዲህ፣ ወደ ኮከቡ በኩል፣ ደረቅ አቧራ ብቻ ይቀራል። ከወዲያ በረዶው ከአቧራው ጋር ይጣበቃል።

አሁን ከሰሉን አራግቡት። መስመሩ ወደ ውጭ ይሸሻል! ይህ በእውን ታይቷል። V883 ኦሪዮኒስ የምትባል ወጣት ኮከብ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። በድንገት በመድመቋ መስመሯ ከምድርና ከፀሐይ ርቀት 40 እጥፍ ያህል መገፋቱን በቺሊ ያለው አልማ የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳየ። በ2023 ደግሞ የክቡ ውሃ ከኮከቧ በፊት ከነበረው ደመና እንደመጣ ታወቀ። ውሃው ከኮከቧ ይልቅ አሮጌ ነው ማለት ነው። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ አመዳይ የያዘውን ጠጠርና ትልቁን ድንጋይ ወደ ምድጃው አስጠጉ። ጠጠሩ ወዲያው ይደርቃል፣ ትልቁ ይቆያል። ምድራችን የተሠራችው ከመስመሩ ወዲህ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ከውሃዋ ብዙውን ከወዲያ የመጡ ትላልቅ አለቶች አመጡላት ይላሉ። የውሃ ምንጭ የሚለየው በውስጡ ባለው የከባድ ሃይድሮጂን (ከተራው የሚከብድ የሃይድሮጂን ዓይነት) መጠን ነው። ካርቦን የበዛባቸው ሜቲዮራይቶች፣ ማለትም ከሕዋ የወደቁ አለቶች፣ ውስጥ ያለው መጠን ከባሕራችን ጋር ይቀራረባል። ሮዜታ የተባለች የአውሮፓ መንኮራኩር በ2014 ስትለካው ግን 67ፒ የተባለው ጅራታም ኮከብ ውሃ ከባሕራችን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።