ሽንት ሲያፏጭ፦ አንጀትና ፊኛ ሲገናኙ እንዴት ይታወቃል፣ እንዴትስ ይታከማል

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ የመጡ አንድ አባት፣ ልጃቸውን ከክፍሉ እስኪያስወጡ ድረስ ምንም አላሉም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሽንቴ ሲያልቅ ያፏጫል፤ እንደ ፈስ» አሉኝ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብለው ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ሁለተኛውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ይሄን ሳልጠይቅ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ታማሚም ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ አብሽሩ፣ ነውር የለውም። ሽንት ሲያልቅ አየር ይወጣል? ሰገራ ሰገራ ይሸታል? ኢንፌክሽኑ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ይመለሳል? አየር ካለ አንጀትን ጠርጥሩ። ሁለት ነገር ብቻ እንዳያሳስታችሁ፦ በቅርቡ የገባ ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) ራሱ አየር ያስገባል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጋዝ የሚፈጥር ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል።

እዚህ አገር ፊስቱላ (በሁለት የሰውነት ክፍሎች መሃል የሚከፈት ያልተለመደ መተላለፊያ) ሲባል ሁሉም የሚያስበው በወሊድ የሚመጣውን ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፣ አንጀትና ፊኛ የሚገናኙበት። መጻሕፍት ቀድመው የሚጠቅሱት ትልቁ አንጀት ላይ የሚወጡ ትናንሽ ከረጢቶች (ዳይቨርቲኩላ) ተቆጥተው፣ መግል ቋጥረው ወደ ፊኛ ሲፈነዱ ነው። ካንሰር፣ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታና የጨረር ሕክምናም ያመጡታል። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ሴቶች ላይ ማህፀን መሃል ገብቶ ስለሚጋርድ። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ግን ያ መከታ የላትም።

የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ሲያሳይ «ናሙናው ተበክሏል» ተብሎ ይታለፋል። ደጋግሞ ከመጣ አትለፉት። ዋናው ምርመራ ሲቲ ስካን ነው፤ ቢቻል ካቴተር ከመግባቱ በፊት። ኮንትራስቱ (በምስሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ፈሳሽ) መጀመሪያ በአፍ ወይም በፊንጢጣ ይሰጥ፤ በደም ሥር የተሰጠው በኩላሊት አልፎ ፊኛ ውስጥ ስለሚገባ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅታል። ቀዳዳውን ካላየሁ አትበሉ፣ ብዙ ጊዜ አይታይም። የምትፈልጉት ፊኛ ውስጥ ያለ አየርና ከወፈረ አንጀት ጋር የተጣበቀ የወፈረ የፊኛ ግድግዳ ነው። ኮሎኖስኮፒም (ትልቁን አንጀት ውስጡን በካሜራ ማየት) የሚታዘዘው ቀዳዳ ለመፈለግ ሳይሆን ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

ቀዶ ጥገናው ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ሽንቱ ስላስቸገረ በሽታው ፊኛው ላይ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን አንጀቱ ላይ ነው። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ጤነኞቹ ጫፎች ይሰፋሉ። የፊኛው ቀዳዳ ትልቅ ከሆነ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፤ በጣም ትንሽ ከሆነ ካቴተር እያለ በራሱ ሊድን ይችላል። ከዚያ ሞራ መሃል ይገባል። አዎ፣ በግ ሲታረድ ሽማግሌዎች ዘርግተው የሚያነቡት ያው ሞራ፤ እኛ ላይም አለ፣ ሁለቱ ስፌቶች እንዳይነካኩ ይለያል። ካንሰር ከሆነ አንጀቱን ከፊኛው ላይ መላጥ የለም፣ የተያዘው የፊኛ ክፍል አብሮ ይወጣል። መግል ከበዛ ወይም ታማሚው ከደከመ፣ አንጀቱ ለጥቂት ወራት በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል።

ካቴተሩ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ከመውጣቱ በፊት ፊኛው በኮንትራስት ተሞልቶ ራጅ ቢነሳ ጥሩ ነው፣ የሚያፈስ ካለ ያኔ ይታያል። ካቴተሩን ይዛችሁ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ የሽንት ከረጢቱን ጉልበታችሁ ላይ አታስቀምጡት። ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፣ አለዚያ ሽንቱ ተመልሶ ይገባል።