የሃይላንድ መኪና በአራተኛ ክፍል

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። ያኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከሃይላንድ አንድ ያማረ መኪና ሠራሁና ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ አሳየኋቸው። በሳምንቱ የመጣው መኪና ሁሉ የእኔን ቁርጥ ነው። ግማሹን የሠራው ደግሞ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያስታውቃል። ከዚያ ወዲህ ሠርቼ አላሳይም። ይዤ የምገባው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከዚህ ጣውላ ላይ ሳይገፋ ሲለቀቅ፣ ርቆ የሚሄድ መኪና እንዴት ይሠራል?

ዕቃው ከቤት ይመጣል። ለአራት ልጅ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ አራት ክዳን፣ ቀለማቸው ያለቀ ሁለት እስክሪብቶ፣ ስንዝር ስንዝር የሚሆን ሁለት ቀጥ ያለ ሽቦ፣ ፕላስተር። ከሳምንት በፊት ንገሯቸው። "ለነገ" ካላችሁ ሙሉውን ውሃ ደፍተው ነው የሚመጡት፤ ከዚያ ከእናቶች ጋር እናንተው ተነጋገሩ።

የመጀመሪያው 40 ደቂቃ የሥዕል ብቻ ነው። መቀስ አይወጣም። ልጆች መኪናን ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚሥሉት። "ሌሎቹ ሁለት ጎማዎች የታሉ?" ስላት አንዷ "ቲቸር፣ በዚያ በኩል ናቸው" አለችኝ። "እስቲ መኪናውን ገልብጠሽ ሳይው" አልኳት። ከሆዱ በኩል ስትሥለው ጎማና ጎማ የሚያገናኝ ነገር እንደሚያስፈልግ ራሷ ደረሰችበት። የእስክሪብቶው ቀፎ ከሃይላንዱ ሆድ ላይ በፕላስተር ይታሰራል፤ ሽቦው በውስጡ ያልፋል፤ ክዳኖቹ ጫፍና ጫፉ ላይ ይሰካሉ። ሽቦው ቀፎው ውስጥ እንደልቡ ካልዞረ መኪና የለም። (የቀፎዋን የኋላ ድፍን በጥርሳቸው ነው የሚነቅሉት። ከልክሉ እንግዲህ፣ ከሰሟችሁ።)

ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው የክዳኑ ቀዳዳ ነው። መሃሉን ከሳተ መኪናው ያነክሳል። መሃሉን በዓይን አትገምቱ። ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ያስምሩ፣ ክቡን ቆርጠው ሁለቴ ይጠፉት። እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሃሉ ነው። መብሳቱን ግን ለልጅ አልሰጥም። በእረፍት ሰዓት፣ መስኮት ከፍቼ፣ ምስማር በፒንሳ ይዤ በሻማ እያጋልኩ ራሴ እበሳለሁ። ቀዳዳው ከሽቦው ትንሽ ይጥበብ፣ ክዳኑ እንዳይላላ።

ከዚያ ሙከራ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በሁለት ጡብ ከፍ አድርጉት። እያንዳንዱ መኪና ሦስት ጊዜ ይለቀቅ፣ ርቀቱ ይለካ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። ማስተካከል የሚፈቀደው አንድ በአንድ ነው። ሦስት ነገር አንዴ ከነካኩ የትኛው እንደሠራ ማን ያውቃል?

አምና የአንዱ ቡድን መኪና ሁልጊዜ ወደ ግራ ይታጠፍ ነበር። ክፍሉ "ሾፌሩ ጠጥቷል" እያለ ሳቀ። በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ አልኳቸው። በቀኝ 11 ሳንቲ ሜትር፣ በግራ 9 ተኩል። ፕላስተሩን ልጠው እኩል አደረጉት።

ማርኩን የምሰጠው ለርቀት ሳይሆን ለደብተሩ ነው፦ ምን ተበላሸ፣ ምን ቀየራችሁ፣ ከዚያስ? ያ የግራ ቡድን ሙሉውን አገኘ። መኪናቸው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ገጨ። አሁን ደግሞ ፍሬን እንሥራ ብለው ይዘውኛል።