ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ መብራት ለምትሠሩ

እዚህ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ፍለጋ ከመደናበር የራስን ሥራ ማብራት ደስ ይላል። የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ቢባልም ውስጡ ካሉት ድብልብል ባትሪዎች ብዙ ጊዜ የደከሙት አንድ ሁለቱ ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ግማሽ ቀን ታግላችሁ ትከፍቱና ሁሉም ሙት ይሆናሉ። ያው ነው፣ ያጋጥማል።

ስትከፍቱ በካቻቢቴ አትጎርጉሩ፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ እሳት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ። ሙሉ ቻርጅ የሆነ አንድ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ከ2.5 በታች የወረደውን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ «አነቃዋለሁ» ማለት ጣጣ ያመጣል።

ሽቦውን ባትሪው ላይ በቀጥታ አትበይዱ፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ቀድሞ የተጣበቀችውን ስስ ብረት ስትቆርጡ ጫፏን አስቀሩና እሷ ላይ በይዱ። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም።

አንዱን ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ ቲፒ4056 የምትባለው ትንሽ ቦርድ ትበቃለች፤ 4.2 ላይ ራሷ ታቆማለች። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚቆርጥ መከላከያ ያላትን ምረጡ። እዚህ ካጣችኋት ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ላኩበት። ብቻ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትተኙ፤ ፍራሽ አጠገብማ በፍጹም።