እጁን ያወጣው ማን ነው? የፓርላማ ተወካይን ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ተወካዮች ወደ መራጮቻቸው ይመለሳሉ። ደሴም ይሁን ወልድያ፣ መካነ ሰላምም ይሁን ቆቦ፣ በየአዳራሹ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ መንገዱ፣ ውሃው፣ ማዳበሪያው፣ መብራቱ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። «በዚህ አዋጅ ላይ እጅዎን ያወጡት ለድጋፍ ነው ወይስ ለተቃውሞ?» ብሎ የሚነሳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም። ከአቦል እስከ በረካ ፖለቲካ በሚወራበት አገር ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ለሕግ አውጪ ከዚህ የበለጠ ዋና ሥራ የለውምና። መከታተል የሚጀምሩ ሰዎችም ቢሆኑ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ናቸው።

የማይመለከተውን ሰው መያዝ

ወሎ ውስጥ ያለ አንድ መራጭ ከአንድ በላይ ምክር ቤት አለው። አዲስ አበባ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ባሕር ዳር የክልሉ ምክር ቤት፣ ወረድ ሲል ደግሞ የወረዳው ወይም የከተማው ምክር ቤት አሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባለውም አዲስ አበባ ነው፤ ሆኖም ሕግ አያወጣም፣ ዋና ሥልጣኑ ሕገ መንግሥትን መተርጎም ነው። የቀበሌው ጉድጓድ ለምን አልተቆፈረም ብሎ ስለ ፌዴራሉ ተወካይ የምንይዘውን መዝገብ ማበላሸት ፍትሕ አይደለም። ግንባታው ከተጀመረ አሥር ዓመት ያለፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ የባቡር መስመር ግን የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በጀትም እንዲሁ። ስለ እነዚህ ምክር ቤቱ ውስጥ ምን ጠየቀ ቢባል ጥያቄው ትክክለኛውን ሰው ያገኛል።

የምርጫ ክልልም ከወረዳ ወሰን ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ተወካይ ብለው የያዙት ሰው የጎረቤት ምርጫ ክልል ተመራጭ ሊሆን ስለሚችል የምርጫ ቦርድን ውጤት አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

የድምፅ ቁጥርን እንደ ሰው ስም ማንበብ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዜናው «አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ አንባቢውም «የእኛው ሰው ደግፏል» ብሎ ይደመድማል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የካቲት 5 ቀን 2012 ሲጸድቅ 23 አባላት ተቃውመዋል። ቁጥሩ በዜና ተሰምቷል። ከ23ቱ መካከል ከወሎ የተመረጠ ይኑር አይኑር ግን ቁጥሩ አይነግረንም። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት እንጂ ስም እየተጠራ አይደለም።

«በሙሉ ድምፅ» የሚለውም ያታልላል። ሙሉ የሚባለው በዕለቱ የተገኙት ሰዎች ድምፅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው፤ አንቀጽ 59 ደግሞ ውሳኔ በተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ ያልፋል ይላል። 547ቱም መቀመጫዎች የተሟሉ ቢሆን እንኳ 274 ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይካሄዳል፤ 138 ድጋፍ ደግሞ አዋጅ ያጸድቃል ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ያልነበረን ሰው «ደግፏል» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው። ድምፀ ተዓቅቦና መቅረትም አንድ አይደሉም፤ ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ አቋሙን አሳይቷል፣ የቀረው ግን ምን እንዳሰበ አይታወቅም።

ቁጥሩ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ በወቅቱ ከነበሩት 539 አባላት ወደ 360 ድምፅ ማለት ነው። በአዳራሹ የተነገረው ድጋፍ 346 ነበር። በኋላ የቆጠራ ስህተት ነው ተብሎ 395 ተባለ፤ ተቃውሞው 88፣ ድምፀ ተዓቅቦው 7 ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ቁጥር ከሄድን ድምሩ 441 ይመጣል፣ በሁለተኛው 490። ስብሰባው ሲከፈት ምን ያህል አባላት እንደተገኙ ማስታወሻ የያዘ ሰው ብቻ ነው የትኛው ድምር ለእውነቱ እንደሚቀርብ ራሱ ማመዛዘን የሚችለው። የተገኙት አባላት ቁጥር አሰልቺ መስሎ ይታለፋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።

ታዲያ ስሙን ከየት እናምጣው? አንደኛው መንገድ የስብሰባው ሙሉ ምስል ነው። አፈ ጉባኤው የሚደግፉትን ሲጠራ አዳራሹ ሙሉ እጅ ይሆንና ፊት መለየት ያስቸግራል። የሚቃወሙት ሲጠሩ ግን ጥቂት እጆች ብቻ ስለሚነሱ፣ ካሜራው ቀረብ ካለ፣ ሰውየው ይለያል። እዚያ ላይ ምስሉን አቁሞ ደቂቃውንና ሰከንዱን መጻፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቃለ ጉባኤው ነው፤ ተቃውሞውን በንግግር ያስመዘገበ አባል በስሙ ይገኛል። ሦስተኛው ተወካዩን ራሱን መጠየቅ ነው። በሦስቱም ካልተገኘ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቃል መጻፍ የሚያፍር ሰው መዝገብ ባይዝ ይሻላል።

ንግግርን ከድምፅ ጋር ማምታታት

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሊመልሱ ሲቀርቡ ተወካያችን ተነስቶ ስለ ወሎ ተፈናቃዮች ወይም ስለ ተጎዱ ጤና ጣቢያዎች አጥብቆ ይጠይቃል እንበል። የሁለት ደቂቃዋ ቁራጭ ስልክ ለስልክ ትዞራለች፤ «ጀግና!» ይባላል። በቀጣዩ ሳምንት በጀቱ ሲቀርብ ያው ሰው ያለ አንዳች ቃል እጁን ለድጋፍ ያወጣል፤ ያቺ ግን አትዞርም። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው።

ተቃራኒውም አለ። መድረክ ላይ ዝም የሚል፣ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ግን አንቀጽ በአንቀጽ የሚሟገት አባል አይጠፋም። በቁራጭ ምስል ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ያለውን «ተኝቷል» ይለዋል። ቁራጩን ያየ ሁሉ ሙሉውን ይፈልግ፤ ከንግግሩ በፊት የተጠየቀውና በኋላ የተመለሰው ካልታየ የተባለው ነገር ሊገለበጥ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የፓርቲው መግለጫ የተወካዩ ድምፅ አይደለም። አንቀጽ 54 አባላት የሚገዙት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል፤ በተግባር የፓርቲ ዲሲፕሊን ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም «ፓርቲው ደግፏልና እሱም ደግፏል» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል፤ መዝገብ ላይ ግን ግምት ተብሎ ነው የሚሰፍረው።

የጸደቀበትን ቀን ብቻ መጠበቅ

አንድ ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ በመጀመሪያው ንባብ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ይመረምረዋል፣ ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ነው ክርክሩና ድምፁ። ለውጥ ሊገባ የሚችለው በአብዛኛው ኮሚቴው ጋ ነው። በመጨረሻው ቀን ብቻ ቴሌቪዥን ከፍቶ መቆጣት ሰብሉ ከተወቃ በኋላ አረም ለመንቀል እንደ መውጣት ነው። ተወካያችሁ የየትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደሆነ እወቁ። የግብርና ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ከሆነ የመሬትና የማዳበሪያ ረቂቆች በእጁ ያልፋሉ፤ ቀድሞ ሐሳብ ለመስጠትም ጊዜ አለ።

ስንት ረቂቅ አመነጨ ብሎ አባላትን ማወዳደርም እዚህ አገር ብዙ አያስኬድም። አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የትኛው አንቀጽ እንዲሻሻል ጠየቀ፣ ጥያቄው ተቀባይነት አገኘ ወይ ብሎ መጠየቅ የተሻለ መለኪያ ነው።

በቴሌግራም የሚዞረውን ረቂቅ እንደ ሕግ የሚጠቅሱም አሉ። በኮሚቴው የተሰረዘ አንቀጽ ይዘው ወር ሙሉ ይከራከራሉ። የመጨረሻው ጽሑፍ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የአማርኛው የበላይነት አለው። አዋጁ ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ እንኳ ሥራ ላይ ይውላል፤ «ገና አልተፈረመም» የሚለው መጽናኛ ዕድሜው አጭር ነው።

ዘመን መሳት

የምክር ቤቱ ዓመት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ የ2017 በጀት የጸደቀው በ2016 ነው፤ ሰኔ 27 ቀን፣ 971.2 ቢሊዮን ብር። በ2017 መዝገብ ውስጥ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። በኅዳር 2017 ደግሞ ከ580 ቢሊዮን ብር በላይ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ በሰኔ ተመልክቶ መዝገቡን የዘጋ ሰው ይህ ሁሉ ገንዘብ አምልጦታል።

የክረምቱ እረፍትም አያዘናጋ። በአማራ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን 2015 በጠራው ልዩ ስብሰባ ነው። ለወሎ ሰው ከዚያ የቀረበ አጀንዳ በዚያ ዓመት አልነበረም፤ የቀን መቁጠሪያውን አምኖ መዝገቡን ያጠፈ ግን ገጹ ባዶ ነው።

የአዋጅ ቁጥር ላይ ያለው ዓመትም ሁልጊዜ የታተመበት ዓመት አይደለም። መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 በጋዜጣው የወጣው በ2001 ነው።

በቃል ብቻ መጠየቅ

አሁን የጠቀስኩት መረጃ የማግኘት መብት አዋጅ እዚህም ይጠቅማል። የመንግሥት አካል መረጃ በጽሑፍ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ቃለ ጉባኤ በስልክ ተጠይቆ «ቆይተው ይደውሉ» ከተባለ ምንም የተያዘ ነገር የለም፤ ቀን ያለበት ማመልከቻ ግን ቅጂው በእጅ ይቀራል።

ተወካዩን ፊት ለፊት መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚታይበትም ቦታ አለ። እንዲህ መፍራት አያስፈልግም። አንቀጽ 54 ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል፤ ይህ ከለላ የተሰጠው በነጻነት እንዲናገርና እንዲወስን ነው እንጂ ከመራጩ እንዲደበቅ አይደለም። በእኛ አገር ሽማግሌው «ልጄ፣ አላህ ያሳድግህ፣ እመቤቴ ትከተልህ» ብሎ ይነሳል፤ ምርቃቱ ይረዝምና ጥያቄው መጨረሻ ላይ ይሟሽሻል። ምርቃቱ ይቅደም፣ ወጋችን ነው። ጥያቄው ግን ቀን፣ አጀንዳና አማራጭ ይኑረው፦ «ክቡር ተወካያችን፣ ነሐሴ 8 ቀን 2015 በነበረው ልዩ ስብሰባ ተገኝተው ነበር? ድምፅዎ ድጋፍ፣ ተቃውሞ ወይስ ድምፀ ተዓቅቦ ነበር?»

መልሱ በተባለበት ቃል ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ቦታውና የሰሙት ሰዎች ብዛት ከጎኑ ይስፈሩ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ አጀንዳ፣ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም፣ የተናገረው፣ ድምፁ፣ ምንጩ። ምንጩ «በምስል ታየ»፣ «በቃለ ጉባኤ ሰፈረ» ወይም «ራሱ ተናገረ» ከሚሉት አንዱ ይሆናል። ተወካዩ «እኛ ሁልጊዜ ከሕዝቡ ጋር ነን» ብሎ ካለፈ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በንግግር ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ የድምፁ ዓምድ ላይ ደግሞ «ተጠይቆ አልመለሰም» ይጻፋል።