ፀጉርህን ተላጭተህ ሥራ ልትፈልግ ነው? እንዲህ አድርግ

ፀጉርህ መሸሽ ጀምሯል እንበል። ከፊት ገባ ገባ ብሏል፣ አናትህ ላይ ሳስቷል፣ ፎቶ ስትነሳ ካሜራው ከላይ እንዳይሆን ትለምናለህ። በዚህ መሃል ለቃለ መጠይቅ ተጠራህ። ልላጨው ወይስ ልተወው? ብላጨውስ ቀጣሪዎቹ ምን ይሉኛል?

አጭሩ መልስ፦ ተላጭ። መላጣ ስለሆነ ብቻ ሰውን ከሥራ የሚመልስ ቀጣሪ ብዙም አይገጥምህም። ችግር ያለው ግማሹ ላይ ነው። የጎኑን ፀጉር አሳድጎ መሃሉን ለመሸፈን የሚታገል ሰው፣ ወይም ሲፈራ ሲቸር ቁጥር ሁለት ተቆርጦ አናቱ ላይ ክብ ሜዳ ይዞ የሚዞር ሰው፣ ገና ከራሱ ጋር ያልተስማማ ይመስላል። ይሄ ደግሞ ጠረጴዛው ማዶ ላለው ሰው ቶሎ ይታየዋል።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዋርተን የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪ የነበረው አልበርት ማነስ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ለሰዎች የወንዶች ፎቶ አሳየ፤ አንዳንዱ ከነፀጉሩ፣ አንዳንዱ ፀጉሩ በኮምፒውተር ተነስቶ። ተመልካቾቹ ፀጉር የሌለበትን የበለጠ ኃይለኛና አዛዥ፣ ቁመቱም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዘም ያለ፣ ጉልበቱም በ13 በመቶ የሚበልጥ አድርገው ገመቱት። እንግዲህ ያው ሰውዬ ነው! በመልክና በዕድሜ ግን አልማሩትም፤ ውበቱን ቀነሱበት፣ ዕድሜውን ጨመሩበት። ከሁሉም ዝቅ ያለ ግምት የተሰጠው ፀጉሩ ሳስቶ ያልተላጨው ነው።

ኳስ የምታይ ከሆነ ደግሞ ጥናትም አያስፈልግህም። አሰልጣኞቹን ጋርዲዮላን፣ ዚዳንንና አርነ ስሎትን እይ። የማይክሮሶፍት አለቃ ሳትያ ናዴላም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቱን የሚመራው በተላጨ ራሱ ነው። ጣልያናዊው ዳኛ ኮሊና ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ረግፎ የ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ዳኝቷል፤ ተጫዋች ሁሉ የሚፈራውም እሱን ነበር።

እኛ ጋ ግን ሌላም ትርጉም አለው

ጥናቱ የፈረንጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙልጭ ብሎ የተላጨ ሰው ሲገባ የተሰበሰበው ሰው አእምሮ ውስጥ ሌሎች ነገሮችም ይመጣሉ፤ ሐዘን ላይ ነው? ከማሰልጠኛ ነው የመጣው? ታስሮ ነበር እንዴ? በተለይ ጠያቂዎቹ ውስጥ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰዎች ካሉ ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ በአፋቸው ባይናገሩትም።

ይሄን የሚያስቀይረው ፂምህና ልብስህ ነው። ራስ ተላጭቶ ፂም ያለ ሥርዓት ሲያድግ ያው የሐዘን መልክ ነው፤ ወንዱ በሐዘን ጊዜ ፂሙን ስለሚያሳድግ ማንም ሰው የሚያነበው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ወይ ፂምህንም ጨርሰህ ተላጨው፣ ወይ አሳጥረህ ከርክመህ ሼፕ አስወጣው። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል፤ ፊት ላይ ትንሽ ፂም ሲኖር ራሱ ባዶ አይመስልም። ከዚያ የተተኮሰ ሸሚዝ። የተላጨ ራስ ልብስን ያጎላል፤ ሸሚዝህ ያማረ ከሆነ በጣም ያምርብሃል፣ ኮሌታህ ከቆሸሸ ደግሞ ከአንገትህ በላይ ዓይን የሚያዘናጋ ነገር ስለሌለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

መቼ ልላጭ?

የመጀመሪያውን ጊዜ ለቃለ መጠይቁ ዋዜማ አታቆየው። ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ያላየ ራስ ከፊትህ ቀለም ጋር አይመሳሰልም፤ ግንባርህ ላይ መስመር የተሰመረ ይመስላል፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ፣ ከታች ጠየም ያለ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሰነብት ይስተካከላል። የራስህን ቅርጽም ገና አታውቀውም፤ ልጅነትህ ላይ ወድቀህ የተፈነከትክበት ጠባሳ ድንገት ብቅ ሊል ይችላል። እሱንም ለምደኸው መሄድ አለብህ፣ አለዚያ ሰው ባየህ ቁጥር እጅህ ወደ አናትህ ይሄዳል። ይሄ ነገር ቃለ መጠይቅ ላይ ከፀጉር ማጣት የበለጠ ያስገምታል።

አሁን ሥራ ላይ ከሆንክና ሌላ የምትፈልግ ከሆነ ዓርብ ማታ ተላጭ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መሳሳቁም «ምነው በሰላም?» ባዩም ይኖራል፣ ረቡዕ ላይ ተረስቷል።

ከዚያ በኋላ ቆዳህ የማይቆጣ ከሆነ ለቃለ መጠይቁ ከዋዜማው ማታ ተላጭተህ ታድራለህ። ቆዳህ የሚቆጣ ከሆነ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ። ጠዋቱን በጥድፊያ መላጨት ግን ይቅርብህ፤ ጆሮህ ጀርባ ላይ ሶፍት ለጥፈህ መግባት አትፈልግም።

ፀጉር ቤት ስትገባ

«ዜሮ» እና «በምላጭ» የተለያዩ ናቸው፣ ከመቀመጥህ በፊት ለይተህ ንገረው። በቶንዶስ ዜሮ ሲባል በጣም አጭር ፀጉር ይቀራል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም ልዩነቱን አያይም። በምላጭ ሲባል ያንጸባርቃል። ለእኛ ዓይነቱ ጥቅልል ፀጉር እኔ የምመክረው የቶንዶሱን ነው፤ ምክንያቱም ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ ሥር ተቆርጦ መልሶ ሲበቅል ጫፉ ዞሮ ወደ ቆዳው ይገባና ያብጣል። ማጅራትህ ላይ ረድፍ ሠርቶ የሚወጣው ብጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከጀመረህ አትነካካው፣ በወረንጦም አትንቀለው፣ ምላጩን አቁም። ጠንክሮ እየተቋጠረ ከሄደ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እዚያ ላይ እያደገ ሄዶ ጠባሳ ሆኖ የሚቀር ዓይነት አለ።

ንጽሕናው ላይ ይሉኝታ አይያዝህ። ቶንዶሱ ላይ አልኮል ነፋ ነፋ አድርጎ በላይተር እሳት የሚለቅበት ፀጉር አስተካካይ አይተህ ይሆናል፤ ደስ ይላል፣ ቢያንስ ነገሩን አስቦበታል። ምላጭ ከሆነ ግን እሳቱ አያሳምነኝም። አዲሱን ምላጭ ከነወረቀቱ አውጥቶ ለሁለት ሰብሮ መያዣው ውስጥ ሲያስገባው በዓይንህ እይ። ካላየህ «አዲስ አድርግልኝ» በል፣ አሮጌው ከማን ራስ እንደመጣ አታውቅም። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪም፣ በደም ንክኪም ይተላለፋሉ፤ የተላጨ ራስ ደግሞ መቆረጡ አይቀርም።

ራስህ ላይ ክብ ክብ እየሆነ የረገፈ ቦታ ካለ፣ ማለትም ላሽ ወይም ቆረቆር የምንለው ዓይነት ከሆነ፣ ከመላጨትህ በፊት አሳየው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ በቶንዶስም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። መላጨት አይፈውሰውም፣ እንዲያውም ያጋልጠዋል።

የቃለ መጠይቁ ቀን

ቫዝሊን አትቀባ። ቢሮ ውስጥ መብራቱ ከላይ ስለሆነ ራስህ ያበራል፣ ጠያቂው ዓይንህን ትቶ አናትህን ያያል። ደረቅ እንዳይሆን ቀለል ያለ ሎሽን ማታ ትቀባለህ፣ ጠዋት ታጥበህ ትወጣለህ፣ በር ላይ ስትደርስ በሶፍት ታደርቀዋለህ። በዙም ከሆነ መስኮቱ ከፊትህ ይሁን፣ አምፖሉ ከአናትህ በላይ አይሁን።

ፀሐይዋን አትናቃት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ አታቃጥልም ማለት አይደለም። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ወይም ኮፍያ ያዝ። ኮፍያውን ግን ሕንፃው በር ላይ አውልቀህ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው፤ ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ማውለቅ መጋረጃ እንደመግለጥ ነው፣ ሁሉም ያያል።

ፎቶ! ይሄን ሰው ይረሳዋል። ለባንክ የጽሑፍ ፈተና ተሰልፈሃል እንበል። ጥበቃው መታወቂያህን ተቀብሎ ፎቶውን ያያል፣ አንተን ያያል፣ እንደገና ፎቶውን ያያል። ፎቶው ላይ ያለው አፍሮውን ያበጠረ የዛሬ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ያስገባሃል፣ ግን ሌላ ሰው ጠርቶ፣ ሰልፉ ከኋላህ እያጉረመረመ፣ አንተም ላብ በላብ ሆነህ። ሁለት የተለያዩ መታወቂያዎች ያዝ፣ ቀደም ብለህ ድረስ፣ ሲቪህ ላይ የሚለጠፈውን ጉርድ ፎቶ ደግሞ ተላጭተህ እንደገና ተነሳ። ሲቪው ላይ ፀጉራም ሆነህ በአካል መላጣ ሆነህ ስትመጣ ጠያቂዎቹ የመጀመሪያዋን ደቂቃ የሚያጠፉት አንተ መሆንህን በማረጋገጥ ነው።

«ፀጉርህን ምነው?» ብለው ቢጠይቁህ «እንዲህ ይቀለኛል» በል፣ ፈገግ በል፣ እለፈው። ስለ ዘር፣ ስለ አባትህ መላጣነት፣ ስለሞከርከው ቅባት ማብራሪያ አትጀምር። አንዴ ራስህ ላይ ብትቀልድ ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ቀልድ ግን የሚያሳፍርህ ነገር እንዳለ ያስታውቅብሃል።

በየሥራው ይለያል ወይ? ትንሽ። ወጥ ቤት ውስጥ እንዲያውም ይወዱልሃል፣ ፀጉር ወጥ ውስጥ ወደቀ የሚል ደንበኛ የለም። ሽያጭ ላይ ሰው ቶሎ ያስታውስሃል። ባንክና ሆቴል ሱፉና ንጽሕናው እስካለ ድረስ ችግር የለም። መዋዕለ ሕፃናት ወይም ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ የተላጨ ራስ ፊትን ኮስተር ስለሚያደርግ ሰላምታህን ሞቅ አድርገው። ተማሪ የምታስተምር ከሆነ ቅጽል ስም መውጣቱ አይቀርልህም፣ ተቀበለው።

ለሴቶች

ለአንቺ ነገሩ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። ወንድ ሲላጭ «አማረብህ» ይባላል፣ ሴት ስትላጭ «ምን ሆነሽ ነው?» ነው። ሐዘን ነው፣ ሕመም ነው፣ ስለት ነው፤ ወደደችው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንቺ ዝግጅት ከመስታወቱ ይልቅ መልሱ ላይ ነው። ስለምትወጂው ተላጭተሽ ከሆነ ጉትቻ አድርጊ፣ ቅንድብሽን አስተካክዪ፣ ልብስሽ ላይ ቀለም ይኑር፤ ጥቁር በጥቁር ለብሰሽ ከሄድሽ ያለጥርጥር ሐዘንተኛ ነሽ። በሕክምና ምክንያት ከሆነ ዊግም ሻሽም የአንቺ ምርጫ ነው፣ ዋናው አምስት ሰዓት ሙሉ ብትቀመጪበት የማይጎረብጥሽ መሆኑ ነው። የሕመም ታሪክሽን ለጠየቀሽ ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅብሽም፤ «የግል ጉዳይ ነው፣ ሥራዬን ግን አያግደኝም» ብለሽ ስለ ሥራው ቀጥዪ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የሆነችው አያና ፕሬስሊ ፀጉሯ አሎፔሺያ በሚባል ፀጉር የሚያረግፍ ሕመም ምክንያት መርገፉን በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግራ፣ ከዚያ ወዲህ በመላጣ ራሷ ምክር ቤት ገብታ ስትናገር ትታያለች።

በሐዘን የተላጨሽ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚሰጠው ፈቃድ 3 የሥራ ቀን ነው፣ ፀጉር ግን በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስትመለሺ ደንበኛ ፊት የምትቀመጪ ከሆነ ለአለቃሽ ቀድመሽ ንገሪ፣ ከተቻለ ለትንሽ ጊዜ ከመስኮቱ ዞር ያለ ሥራ ይስጥሽ። ሻሽ ማሰር በመሥሪያ ቤቱ የደንብ ልብስ የማይፈቀድ ከሆነም ያኔውኑ ተነጋገሩበት፣ መስኮቱ ላይ ሆኖ መከራከር ደስ አይልም።

ሥራውን ካገኘህ በኋላ

የሙከራ ጊዜው በዚሁ አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚህ ጊዜ ራስህን ወጥ አድርገህ ያዝ። አንድ ሳምንት ተላጭቶ፣ ሦስት ሳምንት አስረዝሞ፣ እንደገና መላጨት ሰውን ያወዛግባል። በየሳምንቱ ፀጉር ቤት መሄድ ጊዜም ብርም ስለሚፈጅ የራስህን ቶንዶስ ግዛ፣ ለሰው አታውሰው፣ ከተጠቀምክ በኋላ ጠርገህ አልኮል አስነካው። በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ማታውኑም ቻርጅ አድርገው፤ ጠዋት መብራት ሄዶ በግማሽ ራስ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ሊመጣ ይችላል።