«ውሃ አልተገኘም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የአፈር ምርመራ ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው አንዲት መስመር ናት፦ «የከርሰ ምድር ውሃ አልተገኘም።» መቼ ለካችሁ? «ቁፋሮው እንዳለቀ።» የት? ቦሌ፣ ዋልካ ላይ! ውሃ ሲነካ የሚጮኸው መለኪያ ሜትር ታች ደርሶ ካልጮኸ ጉድጓዱ ደረቀ ማለት ነው እንጂ መሬቱ ደረቀ ማለት አይደለም። ዋልካ ውሃ ጠግቦም አይለቅም። ከስንጥቁ በታች ያለ ጥብቅ ሸክላ ውሃ የሚያሳልፈው በሰከንድ የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ሊሆን ይችላል። እዚያ ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር የውሃ መለኪያ ቱቦ፣ ውሃ ከሚያስገባ 1 ሜትር ማጣሪያ ጋር ብትተክሉ፣ ከጎደለው ውሃ 90 በመቶውን ለመሙላት 25 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ቱቦውን 25 ሚሊ ብታደርጉት ወደ ሩቡ ይወርዳል። እናንተ ግን ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ ማሽኑን ጫናችሁ።

ጥር ላይ «ደረቅ» የተባለ ሳይት መጋቢት ላይ ለቤዝመንት ተቆፈረ፤ ጠብታ ዝናብ አልነበረም። ፎርማኑ ጠዋት ደወለልኝ፦ «ኢንጂነር፣ ግድግዳው አላበው።» ብሄድ፣ በጭቃው መሀል ከምታልፍ የጣት ውፍረት ካላት አሸዋማ ንጣፍ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጥጉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ጥር ላይ የተደረገው ቁፋሮ የጉድጓዱን ግድግዳ በጭቃ ለስኖ ያችን ንጣፍ ደፍኗት ነበር።

በውሃ ከቆፈራችሁ ደግሞ የምታነቡት ቦቴው ያመጣውን ነው። ጨልፋችሁ አውጡት፣ ከዚያ ጠብቁ።

ዝናብ በጣለ ማግስት ውሃው ሁለት ሜትር ዘለለ ብሎ በደስታ የደወለልኝ ጀማሪ ነበር። ልጁን እወደዋለሁ፤ በየቀኑ የሚለካ ሰው ከየት ይገኛል? ግን ቤንቶናይት (ውሃ እንዳይሰርግ የሚደፍን ሸክላ) ተወደደ ተብሎ በቱቦው ዙሪያ የተመለሰው የቁፋሮው አፈር ነበር፤ የጣሪያው ውሃ ቀጥታ ወርዶበታል።

አየር ግፊትን የማያካክስ ሎገር (ቱቦው ውስጥ ሆኖ የውሃውን ከፍታ በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ) የሰማዩንም ለውጥ ይመዘግባል፤ 1 ሄክቶፓስካል 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ መስሎ ይታያችኋል።

የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ወር ከቱቦው አፍ ለካሁ፣ በሚቀጥለው ከመሬቱ። ቱቦው 40 ሳንቲ ብቅ ያለ ነበር። ውሃው 40 ሳንቲ ከፍ አለ ብዬ፣ የክረምቱን ዝናብ ጠቅሼ አንድ ሙሉ ገጽ ትንታኔ ጻፍኩ። ዛሬ የቱቦውን አፍ ከዋልካው ውጭ ካለ ቋሚ ነጥብ በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መነጽር) አነባለሁ፤ አፈሩ ሲያብጥ ቱቦውንም ይዞት ይነሳላ! ያ ገጽ ግን እስካሁን የሆነ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ፊርማዬን ይዞ ተቀምጧል።